ስልክ፣ ሶሻል ሚዲያና የካምፓስ ኑሮ፦ ኮፒ ቤቴ ውስጥ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ አለፍ ብሎ፣ ከአንድ ኮንዶሚኒየም ሥር፣ ትንሽ ኮፒ ቤት አለችኝ። ሁለት ፕሪንተር፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ የጥረዛ ማሽን። ደንበኞቼ በአብዛኛው በዚህ ዙሪያ ያሉ የዩኒቨርሲቲና የኮሌጅ ተማሪዎች ናቸው። ሀንዳውታቸውን በቴሌግራም ይልኩልኛል፣ እኔ አትማለሁ። ወረቀቱ እስኪወጣ ወሬ እንጀምራለን። ወሬው ከየትም ይነሳ፣ ዞሮ ዞሮ ስልክ ላይ ያርፋል። ልጆቻቸውን ሊያዩ ከክፍለ ሀገር የሚመጡ ወላጆችም ጎራ ይላሉ። እነሱም የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው።

አንዱን ነገር ደጋግሜ ስመልስ አፌ ስለዛለ ጻፍኩት። የሥነ ልቦና ባለሙያ አይደለሁም። የማየውን አያለሁ፣ ያገኘሁትን አነባለሁ፣ እኔም ስልክ ላይ አምሽቼ የማውቅ ሰው ነኝ።

ልጄ ካምፓስ ከገባ ወዲህ ስልኩ ከእጁ አይወርድም። ልቀማው እንዴ?

አይቀሙት። ቢቀሙት ምን እንደሚሆን ልንገርዎት። የክፍሉ ተወካይ ማታ 3 ሰዓት ላይ ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ "የነገው የ2 ሰዓት ክላስ ወደ 8 ሰዓት ተዛውሯል" ብሎ ይጽፋል። መምህሩ ስላይዱን እዚያው ይለቃል። አሳይመንቱ መቼ እንደሚገባ የሚነገረው እዚያ ነው። የዓምናው ሚድ የሚገኘው እዚያ ነው። ቡድን የሚከፋፈለውም እዚያ ነው። ባለፈው አንድ ልጅ ስክሪኑ ተሰብሮበት አንድ ሳምንት ያለ ስልክ ሰነበተ። ኩዊዝ አመለጠው። ማንም ክፉ አልሆነበትም፤ ማስታወቂያው የወጣው ግሩፑ ላይ ብቻ ነበር።

የሚገርመው፣ ከነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ካምፓስን መጀመሪያ ያዩት ያለ ስልክ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲው ሲሰጥ ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነበር። ያለ ስልክ ተፈትነው ወጡ። አልፈው ሲመለሱ ግን ያለ ስልክ መማር የማይቻልበት ግቢ ጠበቃቸው።

ስለዚህ ስልክ መያዙ አይደለም ችግሩ። እኔ እንደማየው፣ ችግሩ ላይብረሪውና ጭፈራ ቤቱ በአንድ በር የሚያስገቡ መሆናቸው ነው። ልጁ ሀንዳውት ሊያወርድ ይገባል። በሩ ላይ ቲክቶክ ቆሟል፣ ጓደኛው ቀልድ ልኮለታል፣ አርሰናል አግብቷል። በ5 ደቂቃ ሊወጣ የገባ ልጅ ከ2 ሰዓት በኋላ ይወጣል። ሀንዳውቱንም አላወረደም። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ መላው አንድ ነው፦ በሩን ሁለት ማድረግ።

እርስዎ ደግሞ "ዛሬም ስልክ ላይ ነህ?" ከማለት "ትናንት ስንት ሰዓት ተኛህ?" ብለው ይጠይቁት። ለሁለተኛው መዋሸት ይከብዳል፤ ዓይኑ ያሳብቅበታል።

በቀን ስንት ሰዓት ሲሆን ነው በዛ የሚባለው?

ቁጥር አልሰጥም። 3 ሰዓት ሙሉ ዩቲዩብ ላይ ካልኩለስ የተማረና 3 ሰዓት ሪልስ ያየ እኩል አይደሉም። መጀመሪያ የራስህን እወቅ። አንድሮይድ ስልክ ሴቲንግ ውስጥ "ዲጂታል ዌልቢይንግ" የሚል አለ። አይፎን ላይ "ስክሪን ታይም" ይባላል። የትኛው አፕ ስንት ሰዓት እንደበላብህ ቁጭ ያደርግልሃል። ባንኮኒዬ ላይ ከፍተው ሲያዩ የብዙዎቹ ፊት ይለዋወጣል። አንዷ "ይሄ ስልክ ይዋሻል" ብላኝ ሄደች። በማግስቱ መጥታ "አይዋሽም" አለች።

መዝጋት እፈልጋለሁ፣ እጄ ግን አይታዘዘኝም። ሰነፍ ሆኜ ነው?

ከስንፍና ይልቅ አሠራሩ ነው። ድሮ ድረ ገጽ መጨረሻ ነበረው። ታች ስትደርስ "ቀጣይ" የሚል ትጫናለህ፤ እዚያች ላይ "ይበቃኛል" የምትልበት ትንፋሽ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2006 አዛ ራስኪን የሚባል ዲዛይነር ያችን ትንፋሽ ያጠፋውን ማለቂያ የሌለው ስክሮል ፈለሰፈ። በኋላ ራሱ ተጸጽቷል። ቪዲዮው ደግሞ ሲያልቅ ሌላው ሳትጠይቀው ይጀምራል።

ሌላው እንደ ሎተሪ መሆኑ ነው። ተፍቆ የሚታየውን ሎተሪ የፋቀ ያውቃል። ሁሌም ባዶ ቢሆን ትተወዋለህ። ሁሌም ቢደርስህም ይሰለችሃል። አንዳንዴ ብቻ ሲደርስህ ነው ጣትህ የማያርፈው። አስር አሰልቺ ቪዲዮ፣ ከዚያ አንድ የሚያስቅ። ያቺ አንዷ ናት ሌላ አስር የምታሳይህ። (ፌስቡክ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2004 የተወለደው ዶርም ውስጥ ነው። ተማሪ ለተማሪ የሠራው ነገር ነው። ተማሪን ማወቁ አይግረምህ።)

ምን ይደረግ? ትንንሽ እንቅፋት አብጅ። ቲክቶክንና ኢንስታግራምን ከስልኩ የፊት ገጽ አንሳ። በተጠቀምክ ቁጥር ሎግ አውት አድርግ፤ ፓስዎርድ መጻፍ ያንገሸግሽሃል። የሁለቱንም ኖቲፊኬሽን ዝጋ። ቴሌግራም ላይ "ፎልደር" ፍጠርና የክፍልህን ግሩፖች ብቻ እዚያ አስገባ። ሌላውን ሁሉ ሚውት አድርገው። ቴሌግራም ስትከፍት መጀመሪያ ያ ፎልደር ውስጥ ግባ። በሩን ሁለት ማድረግ ያልኩት አንዱ መንገድ ይህ ነው።

ሌላው በር ወረቀት ነው። ሀንዳውቱን አሳትመህ ስልኩን ዶርም ትተህ ላይብረሪ ሂድ። የራሴን ገበያ እያደራሁ እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም እውነት ነው።

የሌሊት ጥቅል ርካሽ ነው። ነቅቼ ባወርድ ምን አለበት?

እኛ ሰፈር በብዛት የምጠየቀው ይህንን ነው። ሂሳቡም ስህተት የለበትም። ቀን ላይ ትንሽ ዳታ በሚገዛ ብር ሌሊት በርከት ያለ ይገዛል። ኔትወርኩም ሌሊት ይፈጥናል። ማታ ማታ ኮዬ ፈጬም ሆነ ቱሉ ዲምቱ ሕዝቡ ከከተማ ገብቶ ሁሉም ስልኩን ሲከፍት ዳታው ይንቀራፈፋል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ግን ይበራል። ከቤተሰብ በሚላክ ጥቂት ብር ለሚኖር ልጅ "ሌሊት አትጠቀም" ማለት ቀላል ምክር አይደለም።

ሂሳቡ ውስጥ ያልገባችው እንቅልፍ ናት። ለወጣት የሚመከረው በቀን ከ7 እስከ 9 ሰዓት ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የተኛ ልጅ፣ ለ2 ሰዓት ክላስ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቢነሳ፣ የተኛው 3 ሰዓት ተኩል ነው። ይህ ደግሞ ድካም ብቻ አይደለም። ቀን ያነበብከውን አእምሮህ አደራጅቶ የሚያስቀምጠው ስትተኛ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሌክቸር ቪዲዮ አውርዶ ጠዋት ክላስ ውስጥ የሚያንቀላፋ ልጅ፣ በአንድ ኪሱ ከቶ በሌላው እያፈሰሰ ነው። የስክሪኑ ብርሃንም ለእንቅልፍ የሚያዘጋጀንን ሆርሞን ያዘገያል። ከብርሃኑ ይልቅ ግን የሚያነቃው የሚታየው ነገር ይመስለኛል። ሰው በብርሃን ይተኛል፤ በንዴትና በሳቅ መሐል ግን አይተኛም።

እኔም አድርጌዋለሁ። አንድ ሌሊት ለኮምፒውተሬ አንድ ፕሮግራም ላወርድ ተነሳሁ። ዳውንሎዱ የ40 ደቂቃ ነበር። እኔ ግን እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት፣ ለምን እንደሆነ እስካሁን አይገባኝም፣ ሰዎች ጉድጓድ ቆፍረው የዋና ገንዳ ሲሠሩ የሚያሳይ ቪዲዮ ሳይ ነጋ። በማግስቱ የአካውንቲንጉን ሀንዳውት አሳምሬ ጠርዤ ለነርሲንግ ተማሪ ሰጠሁ። ልጁ ዶርም ደርሶ ነው ያወቀው። 64 ገጽ በራሴ ኪሳራ ደግሜ አተምኩ።

እና እንዲህ አድርጉ። በሳምንት አንድ ሌሊት ምረጡ፤ ዓርብ ጥሩ ነው፣ ቅዳሜ ክላስ ለሌለው። የምታወርዱትን ቀን ላይ ወረቀት ላይ ጻፉ። ዝርዝሩ ሲያልቅ ዳታ ይዘጋል። ዶርም ውስጥ 6 ልጅ ካለ ደግሞ 6ታችሁም አትንቁ። ተራ ግቡ። አንዱ ያወርዳል፣ ጠዋት ፋይሉን በዜንደር አፕ ወይም በስልኩ የራሱ ማጋሪያ፣ ዳታ ሳይጠቀም፣ ለሌሎቹ ያስተላልፋል። ይህን የሚያደርጉ ሴቶች ዶርም አውቃለሁ። በስድስት ሳምንት አንዴ ብቻ ነው የሚነቁት።

ሳጠና ስልኬን ገልብጬ አስቀምጣለሁ። አይበቃም?

እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት አለ። ተሳታፊዎቹ የስልካቸውን ድምፅ አጥፍተው፣ አንዳንዶቹ ጠረጴዛ ላይ ገልብጠው፣ አንዳንዶቹ ኪስ ወይም ቦርሳ ውስጥ ከትተው፣ አንዳንዶቹ ሌላ ክፍል ትተው ጭንቅላት የሚያሠራ ፈተና ወሰዱ። የተሻለ የሠሩት ሌላ ክፍል የተዉት ናቸው። ስልኩ አልጮኸም፣ አልነኩትም። እዚያ መኖሩ ብቻ በቃ። በኋላ ጥናቱን የደገሙት ሁሉ ግን ተመሳሳይ ውጤት አላገኙም፤ ስለዚህ አልምልበትም። መሞከሩ ግን ምንም አያስከፍልም።

ከተማሪዎች የሰማሁት ዘዴ ደግሞ አለ። ሁለት ጓደኛሞች ላይብረሪ ገብተው ስልክ ይቀያየራሉ። የእሱ ስልክ አጠገብሽ ነው፣ ፓስዎርዱን ግን አታውቂም። "ሰዓት ልይ ብዬ ነው የከፈትኩት" ለምትሉ ተራ የእጅ ሰዓት ግዙ።

ቲክቶክን ባጠፋው ጂፒኤዬ ይነሳል?

ቃል አልገባልህም። ቲክቶክ አጥፍቶ ያንኑ ሰዓት ዩቲዩብ ሾርትስ ላይ የሚያጠፋ አይቻለሁ። ውጤቱ የወረደበት ልጅ ሸሽቶ ስልክ ውስጥ የሚደበቅበትም ጊዜ አለ፤ ያኔ ስልኩ ምክንያት ሳይሆን መደበቂያ ነው።

ስለ ስሜት ከሆነ ግን አንድ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ በ143 ተማሪዎች ላይ የተሠራ ጥናት ነው። አንደኛው ቡድን ፌስቡክን፣ ኢንስታግራምንና ስናፕቻትን እያንዳንዳቸውን በቀን 10 ደቂቃ ብቻ እንዲጠቀም ተደረገ። ከ3 ሳምንት በኋላ ብቸኝነቱም ድብርቱም ቀነሰ። እኔን የያዘኝ ሌላኛው ቡድን ነው። እንደ ልባቸው ተጠቀሙ የተባሉትም ጭንቀታቸው ቀንሷል። ተመራማሪዎቹ ምናልባት አጠቃቀማቸውን መከታተላቸው ራሱ ሳይጠቅማቸው አልቀረም ብለዋል። ዜሮ ደቂቃ ያለ የለም፤ 10 ደቂቃ ነው የተባለው።

ሌሎች ሲዝናኑ ሳይ የእኔ ኑሮ ያስጠላኛል። ምን ላድርግ?

ይህንን የጠየቀችኝ ከገጠር የመጣች የአንደኛ ዓመት ተማሪ ናት። ሌላ ካምፓስ የገባችው የክፍሏ ልጅ ቦሌ ካፌ፣ እንጦጦ ፓርክ፣ የልደት ኬክ ትለጥፋለች። እሷ ዶርም ውስጥ ካልሲዋን አጥባ መስኮት ላይ አስጥታ ያን ታያለች። ከተማ ለመውጣት ደግሞ ከዚህ ሳሪስ ድረስ ያለውን የታክሲ ሰልፍና ሂሳብ ታስብና ትተወዋለች። አዲስ አበባ ገባሁ ብላ፣ አዲስ አበባን የምታየው በስልክ ነው።

አንድ ነገር ነገርኳት። እኔ ጋ የጉርድ ፎቶ ሊያሳትሙ የሚመጡት ልጆች ለአንዲት ጉርድ ፎቶ 15 ጊዜ ይነሳሉ። ለመታወቂያ ይህን ካደረጉ ለኢንስታግራም ምን እንደሚያደርጉ አስቢው። ቅዳሜ የተነሱትን እስከ ፋሲካ ሲለጥፉት የሚከርሙ አሉ። ያቺ የክፍሏ ልጅ ካልሲዋን አታጥብም ማለት አይደለም፤ እሱን ፎቶ አታነሳውም እንጂ።

ደግሞ ስልኩ ለእሷ መድኃኒትም ነው። እሁድ እሁድ እናቷን በኢሞ ታያታለች። የአገሯ ልጆች ግሩፕ ውስጥ በቋንቋዋና በቀልዷ ትጫወታለች። በአንድ ቀን የምታስቃትም የምታስለቅሳትም ያቺው ስክሪን ናት። እኔ የታዘብኩት፣ ሰው ከሰው ጋር ሲያወራበት ይጠግናል፤ ዝም ብሎ ሌላውን ሲያይበት ይቦረቡራል። እሷም ያን ዓይነት ገጽ አንፎሎው ሳታደርግ ሚውት አደረገችው። ጓደኝነቱ አልፈረሰም።

ሐዘኑ ሳምንታት ከቆየ፣ ምግብ ካስጠላ፣ ክላስ ካስቀረ ግን ጉዳዩ የስልክ አይደለም። ግቢያችሁ ክሊኒክ ወይም የምክር አገልግሎት ሂዱ። "ያበደ ነው የሚሄደው" የሚለውን ወሬ ተዉት።

አሳይመንቴን በኤአይ ባሠራው ይታወቅብኛል?

እኔ ኮፒ ቤት ሆኜ ካወቅሁት መምህሩ እንዴት አያውቅም? በአንድ ከሰዓት የ6 ልጆች አሳይመንት አትሜ አውቃለሁ፤ የሁሉም መግቢያ ከቃል እስከ ነጥብ አንድ ነው። አንዱማ መጨረሻ ላይ ማሽኑ "ሌላ የምረዳህ ነገር አለ?" ያለውን እንኳ ሳያጠፋ ነው ያሳተመው። ነገርኩት። አመሰግናለሁ ብሎ አጠፋና ሌላውን እንዳለ ወሰደው።

ቻትጂፒቲ የሚባለው ኤአይ ለሕዝብ ከተለቀቀ ከኅዳር 2015 ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል። አሁንም ግን የሌለ መጽሐፍ፣ ያልተጻፈ ጥናት፣ ያልተወለደ ደራሲ በሙሉ ልብ ይጠቅስልሃል። መምህሩ አንዱን ፈልጎ ካጣው አለቀልህ።

ከመታወቁ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የመውጫ ፈተናው ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂ ሁሉ ይፈተናል፤ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። ኮምፒውተር ፊት ብቻህን ነው የምትቀመጠው። አራት ዓመት ሙሉ ሌላ ያሰበልህን እዚያ ቁጭ ብለህ ማሰብ ትጀምራለህ?

ኤአይን እንደ አስጠኚ ከተጠቀምክበት ግን ግሩም ነገር ነው። "ይህን ሀሳብ በቀላሉ አስረዳኝ" በለው። ከዚያ "10 ጥያቄ አውጣልኝ፣ መልሱን አትንገረኝ" በለው። መልሱን ወረቀት ላይ ራስህ ሥራው፣ ከሀንዳውቱ ጋር አመሳክረው። ከሁሉም በፊት የመምህርህን ሕግ እወቅ፤ አንዱ የሚፈቅደውን ሌላው ዜሮ ይሰጥበታል።

ጓደኛዬ በቴሌግራም "ስልክሽ ላይ የገባውን ኮድ ላኪልኝ" አለችኝ። ልላክላት?

አትላኪ! የጻፈችልሽ እሷ አይደለችም። የእሷን አካውንት የወሰደ ሰው ነው፤ አሁን በአንቺ ስልክ ቁጥር ሊገባ እየሞከረ ነው። ኮዱን በሰጠሽው ደቂቃ ቴሌግራምሽን ይከፍታል። ከዚያ በአንቺ ስም ለሁሉም "ቸግሮኛል፣ በቴሌብር 2,000 ብር ላኪልኝ፣ ማታ እመልሳለሁ" ይላል። ዘመድ ደግሞ ይልካል።

መጀመሪያ ለጓደኛሽ በተራ ስልክ ደውይና ንገሪያት። ቀጥሎ ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ "ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ" የሚለውን ክፈቺና "ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን" አብሪ። ከዚያ በኋላ ኮዱ ብቻውን በር አይከፍትም፤ የአንቺን ፓስዎርድ ይጠይቃል።

አስቀድመሽ ልከሽ ከሆነ አሁኑኑ "ዲቫይስስ" የሚለው ውስጥ ግቢና ከአንቺ ስልክ ሌላ ያለውን ሁሉ አስወጪ። ለምን አሁኑኑ? አዲስ የገባ ሰው ሌሎቹን ማስወጣት የሚችለው ከ24 ሰዓት በኋላ ነው። ያ 24 ሰዓት የአንቺ ነው። ነገ ካልሽው የእሱ ይሆናል።

በቴሌግራም ብር የሚያስገኙት ነገሮችስ?

ሃምስተርን ታስታውሳላችሁ? በ2016 ማብቂያ ላይ ሱቄ የሚገባ ልጅ ሁሉ ስክሪን ይጠቀጥቅ ነበር። ሃምስተር ኮምባት፣ ስክሪን እየነኩ ሳንቲም የሚሰበስቡበት የቴሌግራም ጨዋታ። ወረቀት እየጠበቀ ይጠቀጥቃል፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ይጠቀጥቃል። አንዱ ላፕቶፕ፣ ሌላው ለእናቱ በሬ ሊገዛ አስቦ ነበር። ቶክኑ፣ ማለትም ወደ ብር ይመነዘራል የተባለው ዲጂታል ሳንቲም፣ የወጣው መስከረም 16 ቀን 2017፣ ልክ በደመራ ዕለት ነው። ወራት ሙሉ ለጠቀጠቁት የደረሳቸው ነገር ከካርድ መሙያ ብዙም አላለፈም። ደመራው ጋር አብሮ ነደደ እያሉ ሲቀልዱ ሰነበቱ።

እሱስ ጊዜ ብቻ ነው የወሰደው። የሚከፋው መጀመሪያ ብር የሚያስገቡበት ነው። "2,000 አስገባ፣ በ3 ቀን 5,000 ውሰድ" የሚል ቻናል፣ "ስኮላርሺፕ ደርሶሃል፣ የፕሮሰስ ክፈል" የሚል ሰው፣ ቤቲንግ። የመጀመሪያዋን ትንሽ ብር ይመልሱልሃል። እሷ ናት ማጥመጃዋ።

የተናደድኩበትን ፖስት ሼር ባደርግ በሕግ ያስጠይቀኛል?

ሊያስጠይቅ ይችላል። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ነው። አዋጁ ላይክና ታግ ማድረግን እንደ ማሰራጨት አይቆጥርም። ሼር ግን ሌላ ነው። የጥላቻ ንግግር እስከ 2 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ሊያስቀጣ ይችላል። ሐሰተኛ መረጃ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የሶሻል ሚዲያ ገጽ ከተሰራጨ ደግሞ እስራቱ እስከ 3 ዓመት ይደርሳል።

ካምፓስ ውስጥ ግን ከፍርድ ቤቱ በፊት ዶርሙ አለ። ስምንት ልጅ፣ ምናልባት ከአምስት ቦታ የመጣ፣ በአንድ ክፍል ያድራል። ማታ 4 ሰዓት ላይ ሼር ያደረግኸውን፣ ከላይኛው አልጋ ላይ ያለው ልጅ እያነበበው ነው።

ኔትወርክ ሲጠፋ ወይም ሲዘጋ እንዴት እናድርግ?

ከየካቲት 2015 ጀምሮ ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ዩቲዩብና ቴሌግራም 5 ወር ገደማ ተገድበው ነበር። ያኔ ስልኩ ሁሉ ቪፒኤን፣ የተገደበ ገጽ የሚያስከፍት አፕ፣ ሆነ። ነፃ ቪፒኤን ግን ከአየር ላይ አይኖርም። የምትጎበኙት ሁሉ በእሱ በኩል ነው የሚያልፈው፤ ባትሪም ዳታም ይበላል። ማን እንደሠራው በማይታወቅ ቪፒኤን የባንክ አፕ አትክፈቱ።

እኛ ሰፈር ደግሞ መብራት ሲሄድ ኔትወርኩም አብሮ ይዳከማል። ስለዚህ የክፍሉን ፋይል ሁሉ ሲለቀቅ አውርዱ፤ "ግሩፑ ላይ አለ" ማለት ስልኬ ላይ አለ ማለት አይደለም። የፈተና ዋዜማ መብራት ጠፍቶ 30 ልጅ ሱቄ በር ላይ ቆሞ አይቻለሁ። ፕሪንተር ደግሞ በሻማ አይሠራም።

እሺ፣ ለትምህርት የሚጠቅም ምን አለ?

ብዙ አለ፣ ጥቂቱን ልበል። ሐምሌ 2016 ላይ የተጀመረው "5 ሚሊዮን ኮደሮች" ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር የሚሰጥ ነፃ የኦንላይን ሥልጠና ነው። ፕሮግራሚንግ፣ አንድሮይድ፣ ዳታ ሳይንስና ኤአይ፣ ሁሉም ከመነሻው። ሰርተፊኬት አለው። የጨረሱ ልጆች ሰርተፊኬቱን በከለር እኔ ጋ ያሳትማሉ፤ ደስታቸው ያስደስታል።

ኤምአይቲ የሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ኦፕንኮርስዌር በሚለው ገጹ ኮርሶቹን ከነፈተናቸው ከ20 ዓመት በላይ በነፃ ሲለቅ ኖሯል። ለኢንጂነሪንግና ለፊዚክስ ልጆች ወርቅ ነው። ኪዊክስ የሚባል አፕ ደግሞ ዊኪፒዲያን ስልክ ላይ ጭኖ ያለ ዳታ ያስነብባል። ለዓርቧ ሌሊት ዝርዝር እጩ ነው።

ስማርት ስልክ ሙሉ በሙሉ ትቼ በተን ስልክ ብይዝስ?

ሞክሮ የተመለሰ አንድ ልጅ አውቃለሁ። በሁለተኛው ሳምንት ክላስ መቀየሩን ሳያውቅ ባዶ ክፍል ውስጥ አንድ ሰዓት ተቀመጠ። በተኗ ለማታ ትበቃለች፣ ቀን ላይ ግን አታኗኑርም። እኔ ሁለቱንም ይዣለሁ። ባለ ባትሪዋ ትንሿ ኖኪያ ቤት ትገባለች፤ የሚፈልገኝ ዘመድ ይደውልባታል።

ኮፒ ቤቱ እስከ ስንት ሰዓት ክፍት ነው?

መብራት ካለ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል። እሁድ ከሰዓት ዝግ ነው። ፋይል ስትልኩ ስማችሁን፣ ስንት ኮፒ እንደሆነ፣ በአንድ ገጽ ወይም በሁለት ገጽ እንደሆነ ጻፉ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ልካችሁ "አየኸው?" ብትሉኝ መልስ አታገኙም። ጠዋት ነው የማየው። ቴሌግራም ያለበት ስልክ የሚያድረው እዚሁ ሱቅ ውስጥ ነው፣ ፕሪንተሩ አጠገብ፣ ቻርጅ ላይ።